አይጧ የምትመልሰውና የማትመልሰው ጥያቄ፦ አዳዲስ የምስል ጠቋሚዎች በእንስሳት ላይ እንዴት ይፈተናሉ?

ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) አንድ ዕቅድ ይፋ አደረገ። በሞኖክሎናል አንቲቦዲ መድኃኒቶች (በላቦራቶሪ በሚሠሩ፣ አንድን ዒላማ መርጠው በሚይዙ የመከላከያ ፕሮቲኖች) እና በሌሎችም ላይ ግዴታ ሆኖ የቆየውን የእንስሳት ሙከራ ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ፣ በሚቻልበት ቦታም በሌላ ዘዴ ለመተካት መወሰኑን ገለጸ። እንዲህ ያለ ዜና ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ያጥራል፤ «እንስሳት ላይ መሞከር ቀረ» ወደሚል ይለወጣል። ከዚያ ሁለት ተቃራኒ ድምዳሜዎች ይከተላሉ። አንዱ «በአይጥ የታየ ነገር መቼም ለሰው አይሠራም፣ ቀድሞም ከንቱ ድካም ነበር» ይላል። ሌላው «አይጥ ከቀረ የሚሞከረው በሰው ላይ ነው» ብሎ ይሰጋል።

ሁለቱም ከተባለው ርቀው ሄደዋል። ከዚህ ዕቅድ በፊት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ያነሳው ግዴታውን ነው፤ ክልከላ አልጣለም። አንድ መድኃኒት ወደ ሰው ሙከራ ከመሄዱ በፊት ማስረጃ ማቅረብ አሁንም ያስፈልጋል፤ የተለወጠው ማስረጃው የግድ ከእንስሳ መምጣት አለበት የሚለው ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ክርክር ውስጥ እምብዛም የማይነሳ አንድ የምርምር ዘርፍ አለ። በሰውነት ውስጥ የተደበቀን በሽታ በምስል እንዲታይ የሚያደርጉ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች በትንንሽ እንስሳት ላይ የሚፈተኑበት ዘርፍ ነው። ዘርፉን በቅርብ ማየት የሚጠቅመው የእንስሳት ሙከራ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። አይጧ ለአንዳንድ ጥያቄዎች አስተማማኝ መልስ ትሰጣለች፤ ለሌሎቹ ፈጽሞ አትሰጥም። ጉዳት የሚደርሰው ሁለቱ ዓይነት ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው።

ጠቋሚ ምን ይሠራል?

ኤክስሬይና ሲቲ ስካን በዋናነት የሚያሳዩት ቅርጽን ነው፦ አጥንት መሰበሩን፣ ሳንባ ላይ እብጠት መኖሩን። የሞለኪውል ምስል ምርመራ (ሞለኪውላር ኢሜጂንግ) ግን በዚያ እብጠት ውስጥ ያሉት ሴሎች ምን እየሠሩ እንደሆነ ይጠይቃል። ስኳር አብዝተው እየተጠቀሙ ነው? በገጻቸው ላይ የተወሰነ ፕሮቲን ተሸክመዋል? መልሱን ለማግኘት ጥቂት ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል። ይህ ንጥረ ነገር ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ዒላማውን ፈልጎ የሚይዝ ሞለኪውል ሲሆን ሌላው ከውጭ በካሜራ የሚታይ ምልክት ነው። ምልክቱ ራዲዮአክቲቭ አቶም ወይም የሚያበራ ቀለም ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች ሁለቱን አንድ ላይ «ፕሮብ» ወይም «ትሬሰር» ይሏቸዋል፤ እዚህ «ጠቋሚ» እንበላቸው።

ከሁሉም የታወቀው ጠቋሚ ኤፍዲጂ ነው። ጥቂት የተለወጠና ፍሎሪን-18 የተባለ ራዲዮአክቲቭ አቶም የተያያዘበት ግሉኮስ ነው። ሴሉ እንደ ተራ ስኳር ያስገባውና የመጀመሪያውን የኬሚካል ለውጥ ያደርግበታል፤ ከዚያ ግን መሰባበሩን ሊቀጥል ስለማይችል ኤፍዲጂው እዚያው ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ አንጎል፣ ልብና ብዙ የካንሰር ዓይነቶች በምስሉ ላይ ደምቀው ይወጣሉ። ኤፍዲጂ ለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1976 በፊላደልፊያ፣ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የተሠራው ግን ሎንግ አይላንድ በሚገኘው በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ስለነበር በአውሮፕላን መላክ ነበረበት። የፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ራዲዮአክቲቭነቱ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 110 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ፍሎሪን-18 ሲፈርስ ፖዚትሮን የተባለ ቅንጣት ይወረውራል። ቅንጣቱ በአካባቢው ካለ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሮጡ ሁለት ጨረሮች ይወለዳሉ። በሽተኛውን ከቦ የተደረደረው መቀበያ ሁለቱን ጨረሮች በአንድ ጊዜ ሲይዝ ከየት እንደተነሡ ያሰላል። ፔት ስካን የሚባለው ይህ ነው። ስፔክት የሚባለው ሌላው ዘዴ ደግሞ እንደ ቴክኒሺየም-99ኤም ካሉ አቶሞች ነጠላ ነጠላ ሆኖ የሚወጣውን ጨረር በጋማ ካሜራ ይለቅማል።

ለምን በሕይወት ባለ እንስሳ ውስጥ?

አንድ ጠቋሚ በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ዒላማውን አጥብቆ ሊይዝ ይችላል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን የደም ኢንዛይሞች ሊሰባብሩት፣ ጉበት ሊውጠው፣ ኩላሊት ዒላማው ጋር ሳይደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሽንት ሊያጣራው ይችላል። ምልክቱ ከሞለኪውሉ ተላቆ ብቻውን የሚዞርበትም ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ፣ ልብ የሚመታበት፣ ጉበትና ኩላሊት የሚሠሩበት አንድ ሙሉ አካል ያስፈልጋል።

ቀድሞ ይህ የሚታወቀው እንስሳትን በቡድን በቡድን በመግደል ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ጠቋሚው ለአይጦቹ ይሰጣል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አንድ ቡድን ይገደልና እያንዳንዱ የአካል ክፍል ተመዝኖ የያዘው ራዲዮአክቲቭ መጠን ይለካል። ውጤቱ «ከተሰጠው መጠን ስንት በመቶው በአንድ ግራም የአካል ክፍል ውስጥ ተገኘ» ተብሎ ይጻፋል። ለስድስት የጊዜ ነጥቦች አምስት አምስት አይጥ ቢያስፈልግ 30 አይጦች ያልቃሉ። እያንዳንዷ አይጥ የምትታየው አንዴ ብቻ ስለሆነም በጊዜ የመጣውን ለውጥ በአይጦቹ መካከል ካለው የተፈጥሮ ልዩነት መለየት ያስቸግራል።

ይህን የለወጠው ለትንንሽ እንስሳት የተሠራው ካሜራ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ (ዩሲኤልኤ) ሳይመን ቼሪና ባልደረቦቹ በ1997 ማይክሮፔት የተባለውን መሣሪያ አስተዋወቁ። ለሰው የሚሠሩት ማሽኖች ከአራትና ከአምስት ሚሊ ሜትር በታች የቀረቡ ነገሮችን ለይተው ማየት ሲቸግራቸው፣ እሱ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ወረደ። ከዚያ ወዲህ የመጡት አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያም በታች ደርሰዋል። አሁን አንዷ አይጥ ዛሬ፣ ነገና ከሳምንት በኋላ ልትታይ ትችላለች፤ የምትነጻጸረውም ከራሷ ጋር ነው። የእንስሳት ሙከራ ይቀነስ፣ ይሻሻል፣ ይተካ የሚለው መርህ በእንግሊዝ በ1959 ከተቀመጠ ወዲህ ብዙ እንስሳትን ከሞት ካተረፉት የቴክኒክ ለውጦች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

በብርሃን የሚሠራው ዘዴ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ጨረርም የለበትም። በሌሊት ከምታበራው ጥንዚዛ የተወሰደው ሉሲፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም የሚሠራበት ዘረ መል በባክቴሪያ ወይም በካንሰር ሴል ውስጥ ይገባል። እንስሳዋ ሉሲፈሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ስትወጋ እነዚያ ሴሎች ያበራሉ፤ ብርሃኑም በጣም ስሱ በሆነ ካሜራ ይነሣል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በሕይወት ባለች አይጥ ውስጥ ያለን የሳልሞኔላ ኢንፌክሽን በተመሳሳይ መንገድ፣ ከሚያበራ ባክቴሪያ በተወሰደ ሉሲፈሬዝ፣ ማሳየታቸውን ያሳተሙት በ1995 ነው። ሆኖም ብርሃን በሥጋ ውስጥ ብዙ አይጓዝም። በአይጥ ያማረው ብርሃን በሰው ጉበት ጥልቀት ውስጥ ቢሆን ወደ ውጭ አይደርስም፤ ስለዚህ የዚህ ዘዴ ውጤት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ክፍል አይሻገርም።

ምስሉ የሚያሳስትባቸው መንገዶች

ቀለም የተቀባ ምስል አሳማኝ ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። አንዲት አይጥ 25 ግራም ያህል፣ አንድ ሰው 70 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ልዩነቱ ወደ 3,000 እጥፍ ነው። በርዝመት ሲሰላ በየአቅጣጫው 14 እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሰው 5 ሚሊ ሜትር ከሚለይ ማሽን ጋር የሚተካከል ዝርዝር በአይጥ ለማየት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች፣ ወደ 0.35 ገደማ መውረድ ያስፈልጋል። ትንሽ ዕጢ ከማሽኑ አቅም በታች ስትሆን ብርሃኗ ወደ ጎረቤቶቿ ይፈስሳል፤ ከእውነተኛው ደብዝዛም ትታያለች። አንዳንድ አቶሞች ይህን ያባብሱታል። ከጋሊየም-68 የሚወጣው ፖዚትሮን ከመጥፋቱ በፊት ከፍሎሪን-18 ፖዚትሮን የበለጠ ይርቃል። በሰው ምስል ላይ ብዙ የማይታወቀው ይህ ልዩነት በአይጥ ላይ ጉልህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከመጠን ጋር የተያያዘ ሲሆን ከእይታ የተደበቀ ነው። ለሰው 370 ሜጋቤከረል (የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ ነው) ቢሰጥ በኪሎ 5 ያህል ይደርሳል። ለአይጧ ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ሜጋቤከረል ይሰጣል፤ ይህ በኪሎ ሲሰላ ከ200 እስከ 400 ነው። ጠቋሚው ያው ከሆነ በአይጧ አካል ውስጥ በክብደት ከ40 እስከ 80 እጥፍ የሚበልጥ ሞለኪውል ገባ ማለት ነው። አብዛኞቹ ሞለኪውሎች ደግሞ ራዲዮአክቲቭ አቶም የሌላቸው፣ ካሜራው የማያያቸው ናቸው። ዒላማው ጥቂት ሪሴፕተር (ተቀባይ ፕሮቲን) ብቻ ካለው፣ እነዚህ የማይታዩት ሞለኪውሎች ቦታውን ቀድመው ይሞሉታል፤ ጥሩው ጠቋሚ መጥፎ መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው ከስንት ሞለኪውል ስንቱ ምልክት እንደተሸከመ የሚለካው ቁጥር ሳይጻፍ የሚወጣ የአይጥ ውጤት ግማሽ ውጤት የሚሆነው።

የእንስሳዋ አያያዝም አለ። የላቦራቶሪ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይሞቃሉ፤ ለሠራተኛው የሚመች ሙቀት ነው። አይጥ ሳትቸገር የምትኖረው ግን ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ነው። ሲበርዳት በትከሻዋ መካከል ያለው ቡናማ ስብ ሙቀት ለማመንጨት ስኳር ይጠቀማል፤ ኤፍዲጂም ወደዚያ ይሄዳል። ጦም ካልዋለች በደሟ ያለው ስኳር ከኤፍዲጂ ጋር ይሻማል። ማደንዘዣው የልብ ምቷንና የስኳር አጠቃቀሟን ይቀይራል። በ2006 ከዩሲኤልኤ የወጣ ጥናት ጦም ማዋል፣ ማሞቅና ማደንዘዝ ብቻቸውን ዕጢው ከሌላው አካል ተለይቶ የሚታይበትን መጠን በብዙ እንደሚለውጡት አሳይቷል። ያው ጠቋሚ፣ ያቺው አይጥ፣ ያው ማሽን፤ የሚለየው ክፍሉ መሞቁ ነው። ሁለት ላቦራቶሪዎች ስለ አንድ ጠቋሚ ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ምግብ እንኳ ምስል ያበላሻል። ብዙ የላቦራቶሪ መኖዎች አልፋልፋ አለባቸው፤ በውስጡ ያለው ክሎሮፊል ቀይና ከቀይ በላይ በሆነው የብርሃን ክልል ያበራል። በብርሃን ቀለም የሚሠራ ጠቋሚ እየፈተነ ያለ ተመራማሪ መኖውን ካልቀየረ ሆድ ዕቃ ላይ የሚያየው ብርሃን የጠቋሚው ይሁን የምግቡ ሊለይ አይችልም።

ምልክቱ ከሞለኪውሉ ሲለይም እንዲሁ ነው። ከጠቋሚው የተላቀቀ ፍሎራይድ ወደ አጥንት ይሄዳል፤ ከአንቲቦዲ የተላቀቀ ዚርኮኒየም-89ም እንዲሁ። አጥንት ላይ የደመቀ ምስል ያየ ሰው «ጠቋሚው ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር አገኘ» ብሎ ቢደሰት፣ ያየው የተበላሸ ጠቋሚ ስብርባሪ ሊሆን ይችላል።

ምስል ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው?

የደመቀ ዕጢ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የካንሰር ዕጢ የደም ሥሮች ብዙ ጊዜ የሚያፈስሱ ናቸው፤ እንደ አንቲቦዲና ናኖ ቅንጣት ያሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ዒላማ ባይኖራቸውም እዚያ ይጠራቀማሉ። ስለዚህ ጥያቄው ጠቋሚው ዕጢው ውስጥ የቀረው ዒላማውን ስለያዘ ነው ወይስ ስለፈሰሰ ነው የሚለው ነው።

ለዚህ የተለመዱ ጥብቅ ፈተናዎች አሉ። በመጀመሪያ ዒላማውን የያዘና ያልያዘ ዕጢ ጎን ለጎን ይታያል። ለፕሮስቴት ካንሰር ጥናት ኤልኤንካፕ የተባሉት ሴሎች ፒኤስኤምኤ የተባለውን ፕሮቲን በገጻቸው ይሸከማሉ፣ ፒሲ-3 የተባሉት ግን የላቸውም፤ ጥሩ ጠቋሚ የመጀመሪያዎቹን አድምቆ ሁለተኛዎቹን መተው አለበት። ቀጥሎ መዝጋት ይመጣል። ምልክት የሌለው ያው ሞለኪውል በብዛት ቀድሞ ይሰጥና ዒላማዎቹ ይያዛሉ፤ ከዚያ የሚሰጠው ጠቋሚ ማረፊያ ቢያጣ እና ዕጢው ቢደበዝዝ፣ ቀድሞ ያየነው ድምቀት እውነተኛ ማያያዝ ነበር ማለት ነው። ለአንቲቦዲ ደግሞ ምንም ዒላማ የሌለው ሌላ አንቲቦዲ ለማነጻጸሪያ ይቀርባል። በመጨረሻም ምስሉ የሰጠው ቁጥር ከአይጧ ከወጣው አካል ቀጥታ ልኬት ጋር መመሳሰሉ ይረጋገጣል። ጥቂት እንስሳት እዚህ ይሞታሉ፤ ይህ ግን ካሜራው የሰጠው ቁጥር እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ሞት ነው። ማነጻጸሪያ ሳይኖረው በሚያምር ምስል ብቻ የሚወጣ ጥናት ግን እንስሳዋን በከንቱ ተጠቅሞባታል፤ ይህ የሳይንስ ድክመት ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጥፋትም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ወጥመድ ግን በእነዚህ ፈተናዎችም አይያዝም። የሰው ካንሰር በአይጥ ላይ እንዲያድግ የሚመረጡት መከላከያቸው የተዳከመ አይጦች ናቸው። ለሰው ፕሮቲን ብቻ የተሠራ አንቲቦዲ የአይጧን ተመሳሳይ ፕሮቲን ላያውቀው ይችላል። ያኔ ዒላማው ያለው በዕጢው ላይ ብቻ ይሆናል፤ የቀረው አካል ጥርት ብሎ ጥቁር ይወጣል፤ ምስሉም እንከን የለሽ ይመስላል። በሰው ግን ያው ፕሮቲን በጤነኛ ጉበት ወይም አንጀት ላይም ካለ ጠቋሚው እዚያም ይሄዳል። የአይጧ ምስል ያማረው ጥያቄው ስላልተጠየቀ ነው።

ፒኤስኤምኤ፦ ትክክል የነበረው መልስና ያልታየው ምራቅ

ይህ ሁሉ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ውስጥ ይታያል። ፒኤስኤምኤ በፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። በጀርመን ሃይደልበርግ የተሠራው ጋሊየም-68 ፒኤስኤምኤ-11 የተባለው ጠቋሚ በ2012 ታትሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ዋለ። ኤፍዲኤ በዲሴምበር 2020 በካሊፎርኒያ ላሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ፈቃድ ሰጠ። ያንኑ ዒላማ የሚይዝ ሌላ ሞለኪውል፣ ፒኤስኤምኤ-617፣ ሉቴሺየም-177 ከተባለው ካንሰር ገዳይ ጨረር ከሚለቅ አቶም ጋር ተያይዞ በማርች 2022 ለሕክምና ተፈቀደ። ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ለፕሮስቴት ካንሰር የሚታከም ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ «ፒኤስኤምኤ ፔት» የሚል ማዘዣ ቢቀበል የሚያስገርም አይሆንም።

አይጧ እዚህ ዋናውን ጥያቄ በትክክል መልሳለች። ጠቋሚው ዕጢውን እንደሚያገኝ፣ ከደም ቶሎ እንደሚጠራ፣ በኩላሊት በኩል እንደሚወጣና ኩላሊት ላይ ብዙ እንደሚቀር አሳይታለች፤ በሰውም እንደዚያው ሆነ። የምራቅ ዕጢዎችን በተመለከተ ግን ዝም ነበር ያለችው። በሰው ላይ እነዚህ ጠቋሚዎች በምራቅ ዕጢዎች ውስጥ በብዛት ይጠራቀማሉ፤ በአይጥ ግን እጅግ ያነሰ ነው።

ለምስል ብቻ ሲሆን ይህ ብዙም አይጎዳም። ለሕክምና ሲሆን ግን ጨረሩ የምራቅ ዕጢውን ያቃጥለዋል። ለሉቴሺየም ሕክምናው ፈቃድ ባስገኘው ትልቅ ጥናት ሕክምናውን ከተቀበሉት ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት የአፍ ድርቀት ገጥሟቸዋል። ከሉቴሺየም የሚጠነክረው አክቲኒየም-225 በተሞከረባቸው ታካሚዎች ድርቀቱ አንዳንዶቹ ሕክምናውን እንዲያቋርጡ እስከማድረግ ደርሷል። ምራቅ የሌለው ሰው መዋጥ፣ መናገር፣ በሌሊት መተኛት ይቸግረዋል። ይህን ጉዳት አይጧን በጥንቃቄ በማጥናት ብቻ አስቀድሞ መለካት አይቻልም ነበር፤ የታወቀው ከሰው ምስሎች ነው።

በአይጧ ያልታየው፣ በሰው የሠራው

ተቃራኒው ስህተትም ደርሷል። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ክሉንክና ቼስተር ማቲስ በአልዛይመር በሽታ ጊዜ በአንጎል የሚጠራቀመውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን የሚይዝ ጠቋሚ ሠሩ። ካርበን-11 የተያያዘበት ይህ ጠቋሚ ፒአይቢ ይባላል። በስዊድን ኡፕሳላ በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ታየ፤ ውጤቱም በ2004 ታተመ። የአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ከጤነኞቹ በግልጽ ተለየ። ከዚያ በፊት በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ይህን ማየት እጅግ አዳጋች ነበር።

በ2005 ያው ቡድን ጠቋሚውን በዘረ መል ለውጥ አሚሎይድ እንዲጠራቀምባቸው በተደረጉ አይጦች ላይ በፔት አየው። አንጎላቸው በአሚሎይድ ተሞልቷል፤ ጠቋሚው ግን እንደሚጠበቀው አልቀረም። ምክንያቱ ሲጠና፣ በእነዚያ አይጦች አሚሎይድ ላይ ጠቋሚው አጥብቆ የሚይዝባቸው ቦታዎች ከሰው አሚሎይድ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት መሆናቸው ታወቀ። በ2007 በጃፓን የተሠራ ጥናት ደግሞ ሌላ የአይጥ ዝርያ ተጠቅሞና ምልክት የተሸከሙት ሞለኪውሎች ብዛት በጣም ከፍ ያለ ዝግጅት ይዞ አሚሎይዱን በአይጥም ማሳየት ቻለ። ከላይ የተነሣው የመጠን ችግር እዚህ በተግባር ታየ፤ ጥቂት ማረፊያ ባለበት ቦታ የማይታዩት ሞለኪውሎች መቀነስ ነበረባቸው።

የታመመች አይጥ ፔት ወሳኝ መስፈርት ተደርጎ ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ፒአይቢ ሊጣል ይችል ነበር። ይህን ግን አይጦች ምንም አልረዱም ብሎ መረዳት ስህተት ነው። ጠቋሚው ወደ አንጎል ቶሎ እንደሚገባና ዒላማ ከሌለ ቶሎ እንደሚወጣ ያረጋገጡት ጤነኛ አይጦች ናቸው። ትክክለኛውን ዒላማ መያዙ ደግሞ ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ የአንጎል ናሙና ታየ። ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው፣ እያንዳንዱ መልስ ሊሰጥ ወደሚችል ቦታ ስለሄደ ነው የተሳካው። ፍሎሪን-18 የያዙት የፒአይቢ ተከታዮች ዛሬ እንደ ሌካኔማብ ያሉ አዳዲስ የአልዛይመር መድኃኒቶች ለማን እንደሚሰጡ ለመወሰን ያገለግላሉ።

ያለ እንስሳ ይቻላል?

እንስሳት ይቅሩ የሚሉት ወገኖች ከባድ መከራከሪያ አላቸው። የምራቅ ዕጢውና የፒአይቢ ታሪኮች የእነሱን ሐሳብ የሚደግፉ ናቸው፤ የዝርያ ልዩነት በተሻለ ካሜራ አይጠፋም። የአይጥ ደም በሰው ደም ውስጥ የሌሉ ኢንዛይሞች በብዛት ይዟል፤ ከአንጎል መድኃኒት የሚያስወጡ ፓምፖችም በአይጥና በሰው እኩል አይሠሩም። በሌላ በኩል እንደ ምትክ የሚቀርቡት የሰው ሴሎች፣ በቺፕ ላይ የሚበቅሉ ትንንሽ የአካል ናሙናዎችና የኮምፒውተር ስሌቶች «ሞለኪውሉ ዒላማውን ይይዛል?» የሚለውን በሰው ፕሮቲን ላይ በመሞከራቸው ከአይጥ ይሻላሉ። «ከደም መቼ ይጠራል፣ በየትኛው አካል ይቀራል፣ ምልክቱ በስንት ሰዓት ይላቀቃል?» ለሚለው ግን ገና አልበቁም።

መካከለኛ መንገድ አለ፤ ለምስል ጠቋሚዎችም በተለይ ይስማማል። ጠቋሚ የሚሰጠው በማይክሮግራም ደረጃ ስለሆነ እንደ መድኃኒት በሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ አይጠበቅም። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቋም በ2004፣ ኤፍዲኤ በ2006 ይህን ተቀብለው ለሰው የሚሰጠው ከ100 ማይክሮግራምና ከመድኃኒታዊ መጠኑ መቶኛ ካልበለጠ ቀለል ያለ የእንስሳት ፍተሻ ይበቃል የሚል መመሪያ አወጡ። በዚህ መንገድ አምስት ተቀራራቢ ጠቋሚዎችን በጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች አይቶ የሚሻለውን መምረጥ ይቻላል። እዚህም ግን አንድ የአይጥ ጥናትና ጨረሩ በየአካሉ ምን ያህል እንደሚያርፍ የሚሰላበት ግምት ይቀራል፤ ያን ግምት እስካሁን የሚሰጡት በአብዛኛው አይጦች ናቸው።

ስለዚህ በቅርብ ዓመታት የሚጠበቀው የእንስሳት ሙከራ ማብቃቱ አይመስለኝም። ዒላማን የመያዝ ጥያቄ ከአይጥ ወደ ሰው ሴልና ናሙና ይሸጋገራል፤ የአይጥ ቁጥር ይቀንሳል፤ የቀሩት አይጦች ጥናት በቁጥጥርና በአያያዝ ይጠነክራል፤ ሰው ቀድሞ ይገባል። አደጋው ቁጠባ ፈላጊ ኩባንያዎች የአይጡን ደረጃ ዘለው የሰውን ደረጃ ሳያጠነክሩ መሄዳቸው ላይ ነው። የመቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤቶች ጥንካሬ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የአቶሙ ምርጫ የሚወስነው

አንዳንድ ጊዜ ራዲዮአክቲቭ አቶም ጨርሶ አያስፈልግም። ካላ አዛር በሑመራና በመተማ ቆላዎች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶችን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ጥገኛ ተሕዋሲው በጉበት፣ በጣፊያና በአጥንት መቅኔ ይደበቃል። ሉሲፈሬዝ የተሰጠው ጥገኛ በአይጥ ውስጥ ሲያበራ አዲስ መድኃኒት በየቀኑ ምን ያህል እንደቀነሰው፣ ሕክምናው ካቆመ በኋላም ተመልሶ እንደሆነ በአንድ እንስሳ ላይ መከታተል ይቻላል። ሳይክሎትሮን (ራዲዮአክቲቭ አቶሞች የሚሠሩበት ትልቅ ማሽን) አያስፈልግም፤ ጨረርም የለም። ድክመቱ መቅኔ ውስጥ የቀሩ ጥቂት ጥገኞች ብርሃናቸው ሳይታይ ማለፉ ነው፤ ያገረሸ በሽታ የሚነሣው ደግሞ ከእነዚያ ነው።

ለካንሰር ጠቋሚዎች ግን ለታዳጊ አገሮች ወሳኙ ምርጫ የሚደረገው በአይጥ ደረጃ ላይ ነው፦ በጠቋሚው ላይ የትኛው አቶም ይያያዝ? ፍሎሪን-18 በ110 ደቂቃ ስለሚከስም ሳይክሎትሮን በቅርብ ይፈልጋል። ጋሊየም-68 ጀነሬተር ከተባለ ትንሽ መሣሪያ ይወጣል፤ በውስጡ ያለውና ሲፈርስ ጋሊየም-68 የሚሰጠው ጀርማኒየም-68 ግማሽ ዕድሜው 271 ቀን ስለሆነ አንዱ ጀነሬተር ለብዙ ወራት ያገለግላል፤ ፔት ካሜራ ግን የግድ ያስፈልጋል። ቴክኒሺየም-99ኤም ደግሞ ስድስት ሰዓት ግማሽ ዕድሜ አለው፤ በየጊዜው በአውሮፕላን ከሚመጣ ጀነሬተር ይገኛል፤ የሚታየውም እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች ያለው የኑክሌር ሕክምና በለመደው በጋማ ካሜራ ነው። የሙኒክ ተመራማሪዎች ፒኤስኤምኤን የሚይዝ ቴክኒሺየም ያለው ጠቋሚ ሠርተው በአይጥ ፈትነው ለሰው አብቅተዋል። የተነሡት በቀዶ ሕክምና ጊዜ ካንሰር የያዙ የሊምፍ ዕጢዎችን ለማግኘት ቢሆንም፣ ፔት በሌለበት ቦታ የፕሮስቴት ካንሰርን በስፔክት ለማየትም ጠቋሚው ይውላል። ምስሉ ከፔት ይደበዝዛል፤ ትንንሽ ዕጢዎች ያመልጡታል። ለአዲስ አበባ ታካሚ ግን ንጽጽሩ ከፔት ጋር አይደለም፤ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ከመብረር ወይም ጭራሽ ካለመታየት ጋር ነው።